ሌላኛው ዓይን በዚያ በኩል ነው

በዚያ ቅዳሜ፣ ቢቸና ትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ሥዕል ትርኢቱ ላይ የነበሩትን ሰዎች ሁሉ አስታውሳለሁ። ሥዕሎቹን ያሰባሰበችው መምህርት ሃያት ነበረች። የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊው መሪጌታ ጥበቡ፣ እኛ የኔታ የምንላቸው፣ ከሞጣ መጥተው ነበር። ከእሳቸው ጋር የሆቴል ታፔላና የባጃጅ ጌጥ የሚስለው ይበልጣል ነበረ። ከሆሳዕና ተመድባ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ሲስተር ለምለም ነበረች። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር በር በሩን እያዩ ነበሩ። ገበሬው አያ ፈንታ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ የራሳቸውን ሥዕል ሊያዩ መጥተው ነበር። ኋላ ላይ ደግሞ ስሙን የማልጽፈው መለዮ ለባሽ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ገባ። ልጄ ብርቱካን ነበረች። እኔም ነበርኩ። ለልጄም ለበሩም ቅርብ የሆነ ጥግ መርጬ ቆሜ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች ዛሬ የት እንዳለች የማይታወቀው ሃያት ብቻ ናት።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። መጻፍ ልማዴ አይደለም። ሃያትን ለመፈለግ ሥዕሏን ይዤ መዞር ይሻለኝ ነበር፤ ሥዕልም አለን። ለምን ይዤው እንደማልዞር ግን ነገሩን ከመጀመሪያው ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም።

ሃያት የወሎ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከዓባይ ማዶ ናቸው። ሥዕል ልታስተምር ተመድባ መጥታ እኛ ግቢ ከኋላ ያለችውን ክፍል ተከራየች። የልጄ መምህር ስለሆነች በመጀመሪያ እርስዎ እያልኩ አናግራት ነበር።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ እርስዎ ሲሉኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ እየመሰለኝ እዞራለሁ» አለችኝ።

እውነትም ስትዞር አይቻታለሁ። ስለዚህ አንቺ አልኳት።

ሰውን ስታይ አንድ ነገር ታደርግ ነበር። እርሳሷን በተዘረጋ እጇ ትይዝና አንዱን ዓይኗን ጨፍና ትለካለች። አፍንጫው ከግንባሩ ምን ያህል ይርቃል፣ ትከሻው ከጆሮው ምን ያህል ዝቅ ይላል፣ እንዲህ እያለች። ተማሪዎቿ ለምደዋት ስቀው ያልፋሉ። አንድ ቀን ግን ገበያ መሀል፣ ጌሾ የሚሸጡ ሽማግሌ ላይ እርሳሷን ዘረጋች። ሽማግሌው ቀና ሲሉ አንድ ዓይን የጨፈነች ሴት ወደ እሳቸው ስታነጣጥር አዩ። ዘመኑን ታውቁታላችሁ፤ በር በኃይል ሲዘጋ ሰው የሚደነግጥበት ጊዜ ነው። «ምን አደረግኩሽ ልጄ!» ብለው ጌሾው ላይ ተደፉ። አጠገባቸው ያለው ሰው ሁሉ እየጮኸ ተበተነ።

ማታ ተቆጣኋት።

«ሃያት፣ እባክሽ ገበያ መሀል አንድ ዓይንሽን አትጨፍኚ።»

«እትዬ፣ በሁለቱ ካየሁማ ልኩ ይጠፋብኛል።»

«ልኩ ይጥፋ። አንቺ አትጥፊብን።»

ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋን ተወችው። በማግስቱ ሽማግሌው ዘንድ ሄዳ ጉልበታቸውን ስማ ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ ማንንም ከመሳሏ በፊት እርሳሱን ከፍ አድርጋ «እርሳስ ነው፤ ላይዎት ነው» ትላለች። ልጆቹ እንኳ ሰላምታ አደረጉት። መንገድ ላይ ሲያገኟት «ቲቸር፣ እርሳስ ነው!» ይሏታል።

ለተማሪዎቿ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ «ያላያችሁትን አትሳሉ።» የኔታ ጥበቡ ይህን ሲሰሙ አገጫቸውን እያሻሹ «እንግዲያው እኔ ሥራ ልፈታ ነው፤ መላእክትን መቼ አየኋቸው?» አሏት። እነዚህ ሁለት ሰዎች እንዴት እንደተግባቡ አላውቅም። በዚያ ዓመት ሁዳዴያችንና የእነሱ ረመዳን አንድ ላይ ገጠመ። የኔታ ቢቸና ሲመጡ በራችን ላይ ይቀመጡና «እኔም ጾመኛ፣ አንቺም ጾመኛ። ማን ማንን ሊጋብዝ ነው?» ይላሉ። እኔ ሽሮውን ሠርቼ ፀሐይ እስክትጠልቅላት አብሬያት እቆያለሁ። ከአንድ ትሪ የምንበላበት ጊዜ ይኸው ጾሙ ነው፤ ፍስክ ሲገባ ሥጋው ይለያየናል። «ፋሲካ ሲደርስ በበግ ትክዱኛላችሁ» ትላለች። ስትጠብቅ ፊቷን ፀሐይ ወደምትገባበት አዙራ ዝም ብላ ነው የምትቀመጠው። ያን ጊዜ ብቻ እጇ ሥራ ይፈታል።

የሥዕል ትርኢቱ ሐሳብ የመጣው ከቃሬዛው ቀን በኋላ ነው።

ያን ቀን የጎረቤታችን ልጅ ምጥ ጠናባት። የባጃጅ ሥራ ቆሟል፤ አምቡላንስም የለም። ወንዶች ቃሬዛ አምጥተው አነሷት። ከፊት በአንድ በኩል አያ ፈንታ ገቡ። በሌላኛው በኩል የሚገባ ጠፍቶ ሳለ፣ በመንገዱ የሚያልፍ መለዮ ለባሽ መሣሪያውን ወደ ጀርባው ገፍቶ ትከሻውን ሰጠ። የአያ ፈንታ ታናሽ ወንድም ጫካ ገብቷል ይባላል። ይህን ከተማው ያውቃል፤ መለዮ ለባሹም ሳያውቅ አይቀርም። ሁለቱ ግን አንድ ቃሬዛ ሥር እግራቸውን እያስማሙ ሄዱ። ሃያትና ልጄ በራችን ላይ ቆመው አዩ። እኔ ልጄን ወደ ውስጥ እየጎተትኩ ነበር። ሴትዮዋ በደህና ወንድ ልጅ ተገላገለች።

በሳምንቱ ሃያት «ይህን ያየን ሰዎች ዝም ብንል ያላየነው ይመስላል» አለች። ለየኔታ፣ ለይበልጣል፣ ለሲስተር ለምለም ነገረቻቸው። እያንዳንዱ ሰው በሰው ላይ ያየውን ደግነት እንዲስል፣ መጀመሪያ ቢቸና እንዲታይ፣ ቀጥሎ ሞጣ እንዲሄድ ተስማሙ። ይበልጣል በታፔላ ፊደሉ «ፍቅርና ሰብአዊነት» ብሎ በትልቁ ጽፎ ቅዳሜ ጠዋት የአዳራሹ በር ላይ ሰቀለው። የመጀመሪያዋ ተመልካች ባዶ ማዳበሪያ በብብታቸው ይዘው የመጡ እናት ነበሩ።

«ስንዴው መቼ ነው የሚታደለው?» አሉ።

ይበልጣል ሊስቅ ሲል ሃያት በዓይኗ ከለከለችው። ለእናታችን ወንበር አመጣችላቸው። ከዚያ ወንበሩን ከሥዕል ሥዕል እያዛወረች ሁሉንም አሳየቻቸው። ሲወጡ «ስንዴ ባይሆንም ጥሩ ነው» አሉ።

ዳይሬክተሩ ጭንቀታም ነበሩ፤ አልፈርድባቸውም፤ እኔም ያው ነኝ። «ስብሰባ እንዳይመስልብን ሰው ጥቂት ጥቂት እያለ ይግባ» ይላሉ። አንዱ ቆም ብሎ ሲያይ ከኋላው ሄደው «አዩት? እንግዲህ ወደሚቀጥለው» ይሉታል።

ሲስተር ለምለም የሳለችው እጆችን ብቻ ነው፤ ሕፃን የሚቀበሉ እጆች። የይበልጣል ሥዕል ለማያውቀው ሰው ልጅ ጃኬቱን አውልቆ ዝናብ የሚከልል የባጃጅ ሾፌር ነው። የኔታ የሳሉት ለተጠማ መንገደኛ ከቅሉ ውሃ የሚያጠጣ መነኩሴ ነው። ከመነኩሴው ኋላ ውሃ የከለከሉት ሰዎች ቆመዋል። በቤተ ክርስቲያን አሳሳል እንደምታውቁት፣ መነኩሴው ፊት ለፊት ነው፣ ሁለቱም ትልልቅ ዓይኖቹ ያዩናል። የከለከሉት ግን በጎን ነው የተሳሉት፤ እያንዳንዳቸው አንድ ዓይን ብቻ አላቸው።

የልጄ ሥዕል ቃሬዛው ነበር። በራችን ላይ ቆማ እንዳየችው ከጎን ነው የሳለችው። ከፊት መለዮ ለባሹ፣ ከእሱ አለፍ ብሎ በወዲያኛው በኩል አያ ፈንታ። ምጥ የያዛት ሴት ብቻ ፊቷን ወደ እኛ አዙራለች። ሃያት «ሁለቱም የተቸገረ ሰው ያለባቸው ናቸው» ብላ የየኔታን ሥዕልና የልጄን ጎን ለጎን ሰቀለቻቸው።

እኔ ገና ስገባ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው አልወደድኩትም። ግን የሥዕል ትምህርት ሌላ ይሆናል፤ እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ ዝም አልኩ።

አያ ፈንታ በመነኩሴው ሥዕል ፊት ቆሙ። አማተቡ። ከዚያ ወደ ቃሬዛው ዞሩ። ብርቱካን እየሳቀች ቀረበቻቸው።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አሏት።

«አዎ አያ ፈንታ! ጋቢዎን አያዩትም?»

«ጋቢውንማ አየሁት። ሌላው ዓይኔስ?»

ልጄ አልገባትም።

«ያን ቀን ትከሻዬ እስኪላጥ ተሸክሜያለሁ፣ ልጄ። ምን በድዬሽ ነው ከነዚያ ጋር የደመርሽኝ?» ብለው ውሃ የከለከሉትን ሰዎች በከዘራቸው አሳዩዋት። ድምፃቸው ከፍ አላለም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

ሃያት ሮጣ መጣች። «ምን ሆኑ አባቴ?» አለች። አያ ፈንታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። የኔታ ናቸው በጆሮዋ የነገሯት። እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ።

«ልጄ፣ በእኛ አሳሳል አንድ ዓይን የሚደረገው ለኃጥእ ነው። ጻድቅ በጎን አይሳልም።»

ፊቷ ዓመድ መሰለ። «የኔታ፣ ታዲያ ጎን ለጎን ስሰቅላቸው ለምን ዝም አሉኝ?»

«ያንቺን ትምህርት ማክበሬ ነበር። ሰው እንዲህ አንድ ላይ ያነባቸዋል ብዬ አላሰብኩም።»

ሃያት ሥዕሉን ልታነሣ እጇን ዘረጋች። በዚያው ቅጽበት ዳይሬክተሩ «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» ሲሉ ሰማሁ። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ሲደግሙ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። መለዮ ለባሹ ከጓደኞቹ ጋር በሩ ላይ ቆሟል።

ለመውጣት አስቤ ነበር፤ በሩ እነሱ የቆሙበት ነው። ሰውየው ቸኩሎ አልመጣም። ከሲስተር ለምለም እጆች ጀመረ። የባጃጁን አየ። መነኩሴው ፊት ቆመና ባርኔጣውን አወለቀ፤ የእኛው አገር ልጅ እንደሆነ ያን ጊዜ አወቅሁ። ባርኔጣውን ሳይመልስ ወደ ቃሬዛው አለፈ።

ራሱን አየ። ከዚያ ዞሮ ውሃ የከለከሉትን አየ። እንደገና ራሱን። ከጓደኞቹ አንዱ አንገቱን አስግጎ «አንተ ነህ እንዴ? በሥዕል ቀጥነሃል» አለው። ማንም አልሳቀም።

«ይህን የሳለው ማነው?»

የብርቱካን እጅ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ልጄ ተማሪ ናት፤ ሲጠየቅ እጅ ማውጣት ለምዳለች። አንጓዋን ያዝኩ። አጥብቄ ያዝኩ። ነገም እንዲህ ቢጠየቅ እይዛለሁ።

«እኔ ነኝ» አለች ሃያት።

ሃያት ያላየችውን አትስልም፤ ያላደረገችውንም አድርጌያለሁ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ያን ቀን ብቻ ነው። ቃሏን ሳታወላውል፣ ልጄን ሳታይ ተናገረችው። የሚዋሽ ሰው ሁልጊዜ የሚደብቀውን ያያል፤ እሷ አላየችም።

«አንቺ ነሽ መምህርቷ?»

«አዎ።»

«ለምን ነው አንድ ዓይን የሰጠሽኝ?»

የኔታ ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሃያት ቀደመቻቸው።

«ሰው ሲሸከም የሚያየው ወደሚሄድበት ነው፤ ወደ እኛ አይደለም። እኔ በጎን ቆሜ ነው ያየሁት።»

«ሌላውስ ዓይኔ?»

«ሌላኛው ዓይን በዚያ በኩል ነው። አብሮዎት የተሸከመውን ሰው እያየበት ነው።»

አያ ፈንታም በሥዕሉ ላይ ብቻ ሳይሆን እዚያው፣ ከእሱ አንድ ክንድ ርቀው ቆመው ነበር። ሁለቱ ከቃሬዛው ቀን ወዲህ አልተያዩም። ዳይሬክተሩ ላባቸውን በመሀረብ ጠረጉ። የሰውየው መሣሪያ አፍ ወደ ወለሉ መሆኑን እያየሁ፣ ወደ ወለሉ ይቆይ እያልኩ እመቤቴን እለምናለሁ።

«ደህና ነዎት?» አለ ሰውየው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አያ ፈንታ።

«ሴትዮዋስ?»

«ተገላገለች። ወንድ ነው።»

«ደግ» አለ። ባርኔጣውን አጠለቀ። ከዚያ ሃያትን ወደ ጥግ፣ ወደ እኔ በኩል ጠራትና ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገራት። «ስለ ዓይኑ አይደለም። ዓይኑን ነገርሽኝ፣ ገባኝ። ግን ይህን ሥዕል አውርጂው። እኔንና እሳቸውን አንድ ቃሬዛ ሥር የሚያይ ሁሉ እንዳንቺ አያየንም። ለእኔም አይበጅ፣ ለእሳቸውም አይበጅ። ለሳለውም አይበጅ።»

«ለሳለውም» ሲል ዓይኑ እኔ የያዝኩት አንጓ ላይ አረፈ። ከዚያ ወጣ።

ማዳበሪያ ይዘው ለመጡት እናት በወጣው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሃያት ሥዕሉን ከግድግዳው አወረደች። አያ ፈንታ ቀርበው፣ ልክ ከወረቀቱ ጀርባ የሚታይ ነገር ያለ ይመስል፣ ጠርዙን ገለጥ አድርገው አዩ። ጀርባው ነጭ ነው። «በሉ እንግዲህ። አይቀደድ» አሉና ሄዱ።

ቤት እንደገባን እኔ ምድጃ ውስጥ ይግባ አልኩ።

«ከተቃጠለማ ብርቱካን ሁለተኛ ያየችውን አትስልም» አለች ሃያት።

«አትሳል! መኖር ይበቃታል።»

ልጄ አለቀሰች። ሃያት ከዚያ በላይ አልተከራከረችኝም። ቆይታ «እውነትዎን ነው፣ እዚህ አይደር» አለች። «እኔ ይዤው ሞጣ እሄዳለሁ። እዚያ ሰዎቹን የሚያውቃቸው የለም፤ ሥዕል ብቻ ነው የሚሆነው። ከየኔታም መነኩሴ አርቄ ነው የምሰቅለው።»

«ስም እንዳይጻፍበት።»

«የኔ ስም ይጻፍበታል።»

ይበልጣል የሞጣውን አዳራሽ ሊያዘጋጅ ቀድሞ ሄደ። ሃያትና የኔታ በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሚኒባስ ተነሡ። ሥዕሎቹን ጠቅልላ በኬሻ አሰረቻቸው፤ ቃሬዛውን ከሁሉም ውስጥ አድርጋ። ሽሮ በዕቃ ሰጠኋት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ያለችበት ቦታ እንድትበላው። ከመኪናው መስኮት እርሳሷን ከፍ አድርጋ «እርሳስ ነው!» አለችን።

የኔታ ደብረ ወርቅ ላይ፣ ገዳሙን ተሳልመው ዘመድ ሊጠይቁ ወረዱ። እሷ ቀጠለች። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ። ስልኩ ሲመለስ ይበልጣል ነው የደወለልን፤ «ሃያት ለምን ቀረች?» ብሎ። አዳራሹን አጥቦ፣ ምስማር መትቶ እየጠበቃት ነበር።

ስልኳ አይሠራም። ሾፌሩን የሚያውቅ አላገኘንም። አንዳንዱ መኪናው ከመንገድ ተመልሷል፣ እሷም በመርጡለ ማርያም በኩል ዓባይን ተሻግራ አገሯ ገብታለች ይላል። ሌላው ሞጣ ገበያ ኬሻ የተሸከመች ሴት አየሁ ይላል። ከዚህ የከፋም የሚናገር አለ፤ እሱን ልጄ ባለችበት አላስወራም። የኔታ ይህን ሁሉ መንገድ በእግራቸው እየጠየቁ ሁለቴ ተመላልሰዋል። ክፍሏ እንደተቆለፈ ነው። ጠዋት ጠዋት ደጃፏን እጠርጋለሁ። ፋሲካም መጣ፣ በግ ታረደ፤ ብርቱካን እንደ ጾመኛ ሽሮ በላች።

ፎቶግራፏ የለንም፤ ሌላውን ሰው የምታነሣው እሷ ነበረች። ብርቱካን ግን ሥዕሏን ሠራች። በራችን ላይ ተቀምጣ ፀሐይ እስክትገባ ስትጠብቅ፣ ሁልጊዜ እንደምናያት፣ በጎን። እሷን ራሷን ነው፤ መናገር ብቻ የቀረው ሥዕል። ሞጣ ይዤው ልሂድ፣ ለመናኸሪያው ሰው ላሳይ ብዬ ነጠላዬን ለብሼ ተነሣሁ። በር ላይ ጎረቤቴ አየችውና «ይቺ ደግሞ ምን አድርጋ ነው?» አለችኝ። ሥዕሉን መልሼ ጠቀለልኩት። ልጄን «በሁለት ዓይን ሳዪልኝ» ብላት «እንዲያ አላየኋትም» አለችኝ። ይህን ያስተማረቻት ሃያት ናት፤ ምን እላታለሁ?

ስለዚህ በቃላት እጽፋለሁ። ሃያት ቀጠን ያለች፣ ጠይም፣ ሰማያዊ ሻሽ የምታዘወትር ናት። በቀኝ እጇ አመልካች ጣት ላይ የማይለቅ የቀለም ጥቁረት አለ። ስትስቅ አፏን በእርሳሷ ትሸፍናለች። ሰው ሲያናግራት በሁለቱም ዓይኖቿ ታያለች። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄድ ነጭ ሚኒባስ፣ በኬሻ የታሰረ ጥቅል ይዛ፣ ሁዳዴ ሳያልቅ እሑድ ቀን ነው የተነሣችው። ከደብረ ወርቅ ወዲያ ያያት አላገኘንም።

ይዛው የሄደችው ሥዕል አያስፈልገንም። በደብረ ወርቅ፣ በመርጡለ ማርያም፣ በሞጣ ወይም ከዓባይ ማዶ ያያችኋት ካላችሁ፣ ወደ ቢቸና ለሚመጣ ሰው ንገሩልን፤ የብርቱካን እናት ብሎ ቢጠይቅ ያገኘናል። ደህና መሆኗን ብቻ እንኳ ቢሆን፣ እባካችሁ ንገሩን።